ርቀትን የሚያከብር መነጽር፦ አጋዘንና ግልገሎቿን ሦስት ዓመት ያየሁበት 8 በ42 ባይኖኩላር

ይህን ግምገማ የምጽፈው አጋዘንን ከነግልገሎቿ ሳይረብሽ ማየት ለሚፈልግና ለዚህ የሚሆን ባይኖኩላር ለመምረጥ ለሚያመነታ አንባቢ ነው። የምገመግመው 8 በ42 ተብሎ የሚታወቀውን መጠን ነው። ይህን መጠን ብዙ አምራቾች ይሠሩታል፤ የእኔም መሣሪያ በጥራቱ ከመካከለኛው ረድፍ የሚመደብ ስለሆነ፣ ከዚህ በታች የምጽፈው አብዛኛው ነገር በዚሁ መጠን ለተሠራ ለማንኛውም ደህና ባይኖኩላር ይሆናል ብዬ አምናለሁ። መሣሪያው እጄ ከገባ ሦስት ዓመት አልፎታል። በእነዚህ ዓመታት ከግንቦት እስከ ነሐሴ ባሉት ወራት፣ ንጋት ወይም ምሽት ላይ ይዤው ወደ ጫካ ዳር ሳልወጣ ያለፈ ሳምንት ጥቂት ነው።

አጋዘን ስል ቃሉ በአማርኛ ከሚጠራቸው ቀንዳቸው ከማይወድቅ የዱር እንስሳት የተለየውን፣ ወንዱ በየዓመቱ ቀንዱን ጥሎ አዲስ የሚያበቅለውን ወገን ማለቴ ነው። ከዚህ ወገን አዘውትሬ የማየው ሮ የሚባለውን ትንሹን ዝርያ ነው። ሮ ትከሻው ድረስ ሲለካ ከ65 እስከ 75 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል፤ ክብደቱም አብዛኛውን ጊዜ ከ30 ኪሎ ግራም አይበልጥም። የሣሩ ቁመት ጉልበት ካለፈ እናቲቱ ራሷ ከጆሮዋና ከጀርባዋ በቀር አትታይም። ግልገሏ ደግሞ ሲወለድ ሁለት ኪሎ የማይሞላ ስለሆነ ከአንዲት የሣር ጉብታ ጀርባ ሙሉ በሙሉ ይሰወራል። እንዲህ ያለውን እንስሳ ለማየት የሚመረጥ መሣሪያ ለወፍ ወይም ለተራራ ገጽታ ከሚመረጠው በጥቂት ነገር ይለያል፤ ልዩነቱን ያወቅኩት ግን መሣሪያው ሳይኖረኝ በሠራሁት ስሕተት ነው።

አንድ የግንቦት ጠዋት በሜዳው ጠርዝ ስሄድ፣ እግሬን ላሳርፍበት ካሰብኩት ቦታ ሁለት እርምጃ ያህል ራቅ ብሎ አንድ ግልገል ተኝቶ አየሁ። ጆሮዎቹን ወደ ኋላ ለጥፎ፣ አገጩን መሬት ላይ ዘርግቶ፣ ዓይኑን ሳይጨፍን ድርቅ ብሎ ነበር። በቡናማ ጠጕሩ ላይ የተረጩት ነጫጭ ነጠብጣቦች በቅጠል መሐል ሾልኮ መሬት የሚነካ የፀሐይ ብርሃን ይመስላሉ። ሳያመልጥ መቅረቱን እንደ እምነት ቆጠርኩትና ተንበርክኬ ቆየሁ፤ በስልኬም ፎቶግራፍ አነሳሁት። ከዛፎቹ ውስጥ የውሻ ጩኸት የሚመስል ሻካራ ድምፅ ደጋግሞ ሲሰማ እንኳ ውሻ ነው ብዬ አልፌው ነበር። ያ ድምፅ የእናቲቱ እንደ ነበረ፣ ሮ ሲደነግጥና ሲያስጠነቅቅ እንደ ውሻ እንደሚጮኽ የተረዳሁት ከብዙ ቀን በኋላ ነው። ግልገሉም ያልተንቀሳቀሰው ስላልፈራኝ አልነበረም። በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ሳምንታት የአጋዘን ግልገል ዋነኛ መከላከያው አለመንቀሳቀስ ነው፤ ነጭ ጅራት በሚባለው ዝርያ ግልገሎች ላይ እንደታየውም አደጋ ሲሰማቸው የልባቸው ምት ጭምር ይቀንሳል። እኔ እርጋታ ብዬ ያየሁት ፍርሃት ነበር። እናቲቱም እኔ እስክሄድ ድረስ ልታጠባው አልቻለችም። ይህን ካወቅሁ በኋላ ዳግመኛ በእግሬ ላለመቅረብ ወሰንኩ። ባይኖኩላሩን የገዛሁትም ለዚህ ነው፤ ስለዚህ መመዘኛዬ ምን ያህል አጉልቶ ያሳያል የሚል ሳይሆን ምን ያህል ርቄ እንድቆይ ይፈቅድልኛል የሚል ነው።

በመጠኑ ስም ውስጥ ያሉት ሁለት ቁጥሮች ግልጽ ትርጉም አላቸው። 8 ማለት ነገሩን ስምንት እጥፍ ያቀርባል ማለት ነው፤ በ160 ሜትር ርቀት የቆመችን አጋዘን በ20 ሜትር ላይ እንደ ቆመች አድርጎ ያሳያል። 42 ደግሞ ብርሃን የሚቀበለው የፊተኛው ሌንስ ስፋት በሚሊ ሜትር ነው። ሁለተኛውን ለመጀመሪያው ስናካፍል 5.25 እናገኛለን፤ ይህም ከዓይን መመልከቻው የሚወጣው የብርሃን ክብ ስፋት ነው። በቀን ብርሃን የሰው የዓይን ብሌን ስለሚጠብ ይህ ቁጥር ብዙም አያስጨንቅም። አጋዘን ግን ጎሕ ሲቀድና ጀምበር ስታዘቀዝቅ ነው ይበልጥ የምትንቀሳቀሰው፤ በዚያን ሰዓት ብሌናችን እየሰፋ ሄዶ በወጣትነት እስከ 7 ሚሊ ሜትር ይደርሳል፤ ዕድሜ ሲገፋ ደግሞ የስፋቱ ልክ እየቀነሰ ይመጣል። በመካከለኛ ዕድሜ ላለ ሰው 5.25 የሚሆን የብርሃን ክብ ለድንግዝግዝ ብርሃን የሚበቃ ነው። ኪስ ውስጥ የሚገባው 8 በ25 የሚሰጠው ከ3 ሚሊ ሜትር ትንሽ የሚበልጥ ስለሆነ፣ ጎን ለጎን አድርጌ በሞከርኳቸው ጊዜ በትንሹ መሣሪያ ውስጥ እናቲቱ ወደ ጥቁር ጥላነት ከተለወጠች በኋላ በትልቁ ገና ጆሮዋን ስታወዛውዝ አያት ነበር። በኔ ልምድ ልዩነቱ ወደ ሩብ ሰዓት ይጠጋል። ያ ሩብ ሰዓት ደግሞ ግልገሎቹ ለመጥባት የሚነሡበት ሰዓት ሊሆን ይችላል።

ከመሣሪያው ጋር ያሳለፍኩት የመጀመሪያው ታላቅ ጠዋት በዚህ ሩብ ሰዓት ውስጥ የሆነ ነው። ነፋሱ ከሜዳው ወደ እኔ እየነፈሰ ነበር፤ ጀርባዬን ለዛፍ ሰጥቼ ተቀምጬ ሳለሁ አንዲት እንስት ከጫካው ወጥታ ለረጅም ጊዜ ሣር ስትግጥ ቆየች። ርቀታችን 150 ሜትር ገደማ ይሆናል። ከዚያ አንገቷን ቀና አድርጋ ዙሪያዋን ቃኘችና ከሜዳው መሐል ወዳለ ረጅም ሣር ቀስ ብላ ሄደች። ከሣሩ ውስጥ አንድ ግልገል ብድግ አለ። እሱ ገና ወደ ጡቷ ሳይደርስ፣ ከእርሱ ሃያ እርምጃ ያህል ራቅ ካለ ሌላ ቦታ ሁለተኛው ተነሣ። ሮ ብዙውን ጊዜ መንታ ትወልዳለች፤ መንታዎቹም አንዱ ቢገኝ ሌላው እንዲተርፍ በሚያስችል ሁኔታ ለየብቻ ይተኛሉ። ሁለቱም ከግራና ከቀኝ ገብተው ሆዷን በአፍንጫቸው እየጎሸሙ ሲጠቡ፣ እናታቸው ደግሞ ከጅራታቸው ሥር እየላሰች ታጸዳቸው ነበር። ይህ ለንጽሕና ብቻ የሚደረግ አይደለም፤ ሽንታቸውንና ዓይነ ምድራቸውን ራሷ ስለምትወስደው አዳኝ አውሬ የሚከተለው ጠረን በመኝታቸው አካባቢ እንዳይቀር ያደርጋል። መጥባቱ ጥቂት ደቂቃ ብቻ ፈጀ። ከዚያ እናቲቱ ራቅ አለች፤ ግልገሎቹም እያንዳንዳቸው በየፊናቸው ዞር ዞር ብለው፣ አንዱ ሁለት ጊዜ ቦታ ቀይሮ፣ ራሳቸው በመረጡት ሥፍራ ተኙ። እስከዚያ ቀን ድረስ መኝታውን እናቲቱ የምትመርጥ ይመስለኝ ነበር። እርሷ የምትመርጠው አካባቢውን ነው፤ ትክክለኛዋን የመኝታ ቦታ የሚመርጠው ግልገሉ ነው። ይህን በዓይኔ ያየሁት እርሷ አንድም ጊዜ ወደ እኔ ሳትመለከት ነው። ለዚህ መሣሪያ ከዚህ የሚበልጥ ምስክርነት ልሰጠው አልችልም።

በብዙ መደብሮች ለዱር እንስሳት 10 እጥፍ የሚያቀርበው ይሻላል ሲባል እሰማለሁ። ከአንድ ወዳጄ ተውሼ አንድ ወር ያህል ሞክሬዋለሁ። ጸጥ ብሎ የቆመን እንስሳ ዝርዝር ለማየት፣ ለምሳሌ የወንዱን ቀንድ ቅርንጫፍ ለመቍጠር፣ ጥቅም አለው። ነገር ግን የእጅ መንቀጥቀጥም በዚያው ልክ ይጎላል፤ ክርንን ጉልበት ላይ አሳርፎ እንኳ ለረጅም ጊዜ መያዝ ያደክማል። የብርሃን ክቡም ወደ 4.2 ሚሊ ሜትር ይወርዳል። ከሁሉ በላይ የእይታው ስፋት ይጠባል። የእኔ 8 በ42 በ1000 ሜትር ርቀት 130 ሜትር ያህል ስፋት ያሳያል፤ ይህም በ150 ሜትር ላይ ወደ 20 ሜትር የሚጠጋ መስክ ማለት ነው። ቁጥሩ በወረቀት ላይ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ትርጉሙ የገባኝ ግን ቀበሮው በመጣበት ምሽት ነው።

ግልገሎቹ ተኝተው እናቲቱ ብቻዋን ስትግጥ ነበር። በድንገት የኋላዋ ነጭ ጠጕር ተነፍቶ እንደ አበባ ሲከፈት አየሁ፤ ሮ ሲሠጋ የሚያሳየው ምልክት ይህ ነው። እርሷን ሳልለቅ በእይታው ቀኝ ጠርዝ ላይ አንድ ቀይ ቀበሮ (በኢትዮጵያ በዚህ ስም ከሚጠራው የተለየው፣ በእንግሊዝኛ ፎክስ የሚባለው) አፍንጫውን ወደ ሣሩ ደፍቶ ሲመጣ ተመለከትኩ። ቀበሮ ገና የተወለደ ግልገል የሚያጠቃ ዋነኛ ጠላት ነው። እናቲቱ አልሸሸችም። ራሷን ዝቅ አድርጋ ቀጥታ ሮጠችበት፤ በፊት እግሮቿ መሬቱን እየደበደበች፣ እሱ ወደ ግራ ሲታጠፍ እርሷም ታጥፋ፣ አንድ ጊዜ ከላዩ ላይ እስክትዘል ድረስ አሳደደችው። ሁለቱም ያለማቋረጥ አቅጣጫ ይለዋውጡ ነበር። በሰፊው እይታ ውስጥ ሁለቱንም ይዤ መከተል ቻልኩ፤ በጠባቡ ቢሆን ኖሮ አንዱን ባየሁ ቍጥር ሌላው ይጠፋኝ ነበር። ቀበሮው ከሜዳው ሲወጣ እናቲቱ ወደ ግልገሎቿ አልሄደችም። ለረጅም ሰዓት ተቃራኒውን አቅጣጫ እየተመለከተች ቆመች፣ ከዚያም ከእነርሱ ራቅ ብላ መጋጥ ጀመረች። የት እንደ ተኙ በአካሄዷ እንዳትገልጥ የምትጠነቀቅ ይመስላል። እኔም በልቤ ሂጂና እያቸው እያልኩ ስጨነቅ ጨለመ።

መሣሪያው የማይሠራውን ነገር መናገር ደግሞ ተገቢ ነው። ምንም ያህል ጥሩ ሌንስ ቢሆን በሣር ውስጥ አሳልፎ አያይም። የመጀመሪያው የሣር አጨዳ ብዙ ጊዜ ግልገሎች ከሚወለዱበት ወቅት ጋር ስለሚገጥም፣ ከማጨጃ መኪና የማይሸሽ ግልገል በምላጩ ሥር የመሞት አደጋ ያጋጥመዋል። ሜዳው ሊታጨድ ነው የተባለ ቀን፣ ለሳምንታት ስመለከታቸው የቆየሁትን መንታዎች መኝታ በትክክል አውቃለሁ ብዬ ራሴን አሳምኜ ነበር። በባይኖኩላሩ ግማሽ ሰዓት ፈለግኩ፤ አንዲት ጆሮ እንኳ አላየሁም። ያገኛቸው የሰውነት ሙቀትን የሚለይ ካሜራ የተገጠመለት ድሮን ነው፤ እርሱም ፀሐይ መሬቱን ሳታሞቅ በማለዳ ስለ ተነሣ ነው የለያቸው። አንደኛው እኔ እርግጠኛ ከነበርኩበት ሥፍራ አርባ እርምጃ ርቆ ተኝቷል። ሰዎቹ ጓንት አድርገው፣ በእጃቸው ሙሉ ትኩስ ሣር ይዘው፣ ቆዳቸው ሳይነካው አንሥተው በሣጥን ውስጥ በጥላ ሥር አኖሩት፤ አጨዳው ሲያልቅ በዚያው አካባቢ ለቀቁት። ማምሻውን ከሩቅ ሆኜ ስመለከት እናቲቱ በታጨደው መስክ ጠርዝ ላይ ሁለቱንም ስታጠባ አየኋት። የተደበቀን ግልገል ለመፈለግ የሚገዛ ሰው ካለ፣ ባይኖኩላር ለዚያ ሥራ አይሆንም። የሚሆነው ግልገሉ በራሱ ፈቃድ ሲነሣ ለማየት ነው፤ እኔ ደግሞ ይህን እንደ ጉድለት አልቆጥረውም።

አንዳንድ አምራቾች ይህንኑ መሣሪያ በቅጠል ቅርጽና በጫካ ቀለም ሸፍነው እንደ ተለየ ዓይነት ያቀርቡታል። ለአጋዘን ሲባል ይህን መምረጥ አያስፈልግም። የአጋዘን ዓይን ቀለም የሚለይበት ሁለት ዓይነት ተቀባይ ብቻ ስላለው ቀይና ብርቱካናማን ከአረንጓዴ ለይቶ አያይም፤ ሰማያዊን ግን በደንብ ያያል። ዓይኖቹ በራሱ ግራና ቀኝ ስለ ተቀመጡ ሳይዞር የሚያየው ዙሪያ እጅግ ሰፊ ነው፤ በዓይኑ ጀርባ ያለው ብርሃን አንጸባራቂ ሽፋንም በድንግዝግዝታ ከእኛ በጣም የተሻለ ያደርገዋል። ስለዚህ የሚያጋልጠን የመሣሪያው ቀለም ሳይሆን እንቅስቃሴያችን፣ የሌንሱ ብልጭታና ጠረናችን ነው። ፀሐይ ፊት ለፊቴ ሆና በተቀመጥኩ ቀን፣ ባይኖኩላሩን ባነሣሁ ቁጥር እናቲቱ ቀና ስትል አስተውያለሁ። ከዚያ በኋላ ፀሐይ ከኋላዬ፣ ነፋስ ከፊቴ የሚሆንበትን ቦታ መምረጥ ልማድ ሆነብኝ፤ ሁለቱ በአንድነት በማይገኙበት ቀን ነፋሱን አስቀድማለሁ። ባይኖኩላሩንም አጋዘኗ አንገቷን ደፍታ ስትግጥ ብቻ በዝግታ ወደ ዓይኔ አነሣለሁ፤ እርሷ ቀና ስትል እጄ የትም ቢደርስ እዚያው ይቆማል።

ስለ አካላዊ አሠራሩ ብዙ የምለው የለኝም። ላስቲክ የለበሰ ነው፤ ቀዝቃዛ ጠዋት ላይ እጅን አያስጨንቅም፤ ድንጋይ ቢነካም ድምፅ አያሰማም። ውስጡ በናይትሮጂን ጋዝ ስለ ተሞላና ስለ ታሸገ ከውስጥ በኩል ጉም አይሠራም ነበር፤ «ነበር» ያልኩበትን ምክንያት ኋላ እገልጻለሁ። የማስተካከያው ጎማ ለስላሳ ነው፤ በጓንትም ይዞራል። መነጽር ለሚያደርግ ሰው ዓይን ከመመልከቻው ርቆ ሙሉውን ምስል የሚያይበት ርቀት 17 ሚሊ ሜትር ስለሆነ እኔ ከነመነጽሬ ያለ ችግር እጠቀምበታለሁ። በመጀመሪያው ሳምንት ምስሉ ትንሽ የደበዘዘ መስሎኝ አዝኜ ነበር፤ ችግሩ ግን የእኔ ሁለት ዓይኖች አቅም እኩል አለመሆኑ ነው። ግራውን በመካከለኛው ጎማ አስተካክሎ፣ ከዚያ ግራውን ሸፍኖ ቀኙን በራሱ ቀለበት ለይቶ ማስተካከል ያስፈልጋል። ይህን ሳያደርጉ መሣሪያውን መጥፎ ነው የሚሉ ሰዎች እንዳሉ አያጠራጥርም፤ እኔ ራሴ ልመልሰው ተቃርቤ ነበር።

ክብደቱ 700 ግራም ገደማ ነው፤ ይህም ከተሰጠው ቀጭን የአንገት ማሰሪያ ጋር ሲሆን ከአንድ ሰዓት በኋላ ማጅራትን ይቆረጥማል። ማሰሪያውን በትከሻና በጀርባ በሚያልፍ የመስቀል ቅርጽ ባለው ማንገቻ ለውጬዋለሁ፤ ክብደቱ ተከፋፈለ፤ ከሁሉ የሚበልጠው ደግሞ ስጎነበስ ከደረቴ ተነሥቶ መወዛወዙን አቆመ። የፊተኛው ሌንስ ክዳኖች ሲከፈቱ የሚያሰሙት «ቀጭ» የሚል ድምፅ ለእኛ ትንሽ ነው፤ ለአጋዘን ጆሮ ግን በ80 ሜትር እንኳ በቂ ማስጠንቀቂያ ሆኖ አይቻለሁ። ክዳኖቹን ነቅዬ ቤት አስቀመጥኳቸው። ዓይን የሚያርፍባቸው ተጠማዛዥ ቀለበቶች በሁለተኛው ዓመት ላልተው በራሳቸው መውረድ ጀምረዋል፤ ይህ በዚህ ደረጃ ካለ መሣሪያ የማይጠበቅ ድክመት ነው፤ አምራቹ ሊያሻሽለው ይገባል እላለሁ። ከዚህ በተረፈ በእርጥብ ንጋት የገዛ ራሴ ትንፋሽ የዓይን መመልከቻውን ከውጭ ያደበዝዘዋል፤ ለዚህ መፍትሔው ሲመለከቱ በአፍንጫ ወደ ታች መተንፈስ ነው።

ቅርብ ያለን ነገር የማየት ችሎታው ለአጋዘን ምንም አይጠቅምም ብዬ አስብ ነበር፤ ይህ መሣሪያ እስከ ሁለት ሜትር ድረስ አጥርቶ ያሳያል። በሐምሌ መጨረሻ አንድ ምሽት ላይ ግን ሐሳቤን የሚያስለውጥ ነገር ገጠመኝ። ያን ጊዜ የሮ ወንዶች እንስቶችን የሚያሳድዱበት ወቅት ነው። ወንዱ እናቲቱን በአንዲት ቁጥቋጦ ዙሪያ ክብ እየሠራ ያባርራት ነበር፤ ሣሩ እስኪተኛ ድረስ በዚያው ክብ ደጋግመው ዞሩ። በዚህ ወቅት የሚፀነሰው ሽል ወዲያው አያድግም፤ አምስት ወር ያህል በማሕፀን ውስጥ ሳይጣበቅ ይቆይና ከዚያ በኋላ ማደግ ይጀምራል፤ በዚህም የተነሣ ወሊዱ ሣር በሚለመልምበት በግንቦትና በሰኔ ይውላል። ግልገሎቹ፣ አሁን ሁለት ወር አልፏቸው ነጠብጣባቸው እየደበዘዘ፣ እናታቸው ለምን ጥላቸው እንደምትሮጥ ያልገባቸው ይመስል አንዴ ቀርበው አንዴ ሸሽተው ከቆዩ በኋላ አንደኛው እየጋጠ ወደ እኔ መጣ። ነፋሱ አልከዳኝም። ስድስት ሜትር፣ ከዚያ አምስት ሜትር ቀረበ። በሌንሱ ውስጥ ዓይኑን ብቻ አየሁ፤ ጥቁርና እርጥብ ነው፤ በላዩ የሜዳው ብርሃንና የዛፎቹ መስመር ተስሎበታል፤ የላይኛው ሽፋሽፍት እያንዳንዱ ፀጕር ይቆጠር ነበር። ቀስ ብዬ ባይኖኩላሩን ወደ ጭኔ አወረድኩና በዓይኔ ብቻ አየሁት። እርሱ ራሱ መጥቶ ስለሆነ የቀረበው፣ ከመጀመሪያው የግንቦት ጠዋት ጋር ፈጽሞ አይነጻጸርም። ቀጭን የፉጨት ድምፅ አሰማ፤ ከቁጥቋጦው ወዲያ እናቱ መለሰችለት፤ ሄደ።

ለመግዛት ለሚያስብ ሰው አንድ የመደብር ፈተና ልንገር። ባይኖኩላሩን በክንድ ርቀት ይዘው ወደ ብሩህ ግድግዳ በማዞር የዓይን መመልከቻውን ቢያዩ ትናንሽ የብርሃን ክቦች ይታያሉ። ክቦቹ ሙሉ ካልሆኑና ጠርዛቸው በጥላ ተቆርጦ አራት ማዕዘን ከመሰሉ፣ ውስጡ ያለው ፕሪዝም (ብርሃኑን አጥፎ ወደ ዓይን የሚመራው መስታወት) ሁሉንም ብርሃን አያሳልፍም ማለት ነው፤ ለንጋትና ለምሽት የሚገዛ ሰው ያንን መተው አለበት። መደብሩ ከፈቀደ ደግሞ ወደ ውጭ ወጥቶ የሕንፃ ጥላ ውስጥ ያለን ነገር መመልከት በደማቅ መብራት ሥር ከመሞከር የበለጠ እውነቱን ያሳያል። ፎቶግራፍ የማንሣት ፍላጎት ያለው ሰው ግን በዚህ መሣሪያ አይደሰትም። ስልክን በዓይን መመልከቻው ላይ ደግፎ ማንሣት ይቻላል ይባላል፤ ሞክሬዋለሁ፤ ስልኩን ለማስተካከል የሚፈጀው ጊዜና የእጅ እንቅስቃሴ እንስሳዋን የሚያባርር ሆኖ ስላገኘሁት ትቼዋለሁ።

በአጠቃላይ ከአምስት አራት ተኩል እሰጠዋለሁ። ግማሿን ነጥብ የቀነስኩት በቀለበቶቹ መላላትና በማሰሪያው ምክንያት ነው። በፀደይ ወራት ብቻውን የተኛ ግልገል አግኝተው እናቱ ጥላው ሄዳለች በሚል ርኅራኄ አንሥተው ቤታቸው የሚወስዱ ሰዎች ስላሉ፣ ጫካ አጠገብ የሚውል ሰው ሁሉ እንዲህ ያለ መሣሪያ በእጁ ቢኖር እወዳለሁ። ከ150 ሜትር ርቆ፣ ተሰውሮ፣ እስከ ምሽት ቢጠብቅ እናቲቱ ስትመጣ በዓይኑ ያያታልና።

ቀደም ብዬ የጠቀስኩት የውስጥ ጉም የታየው ባለፈው ነሐሴ ነው። ዝናብ ሲመታው ከዋለ በኋላ በቀኙ የመመልከቻ ቱቦ ውስጥ ስስ ጭጋግ ተፈጠረ፤ ሲሞቅ ይጠፋል፤ ሲበርድ ይመለሳል። ማሸጊያው አንድ ቦታ አየር አስገብቷል ማለት ነው። ዋስትናው ገና ስላላለቀ ለጥገና ልኬዋለሁ፤ ተከፍቶ ደርቆ፣ ማሸጊያው ተቀይሮ፣ እንደገና በጋዝ ተሞልቶ እንደሚመለስ ተነግሮኛል። በብርድ ወራት አጋዘኖቹ በቡድን ሆነው በባዶው እርሻ ላይ ስለሚታዩ ለጊዜው ያለ መሣሪያ አያቸዋለሁ። ግልገሎቹ አሁን ነጠብጣብ የላቸውም፤ ከእናታቸው የምለያቸው ፊታቸው አጠር በማለቱ ብቻ ነው። መሣሪያው ከግንቦት በፊት እንዲደርስልኝ ጠይቄያለሁ።